ይማምን የገደልኩ ዕለት

ሰው ገድያለሁ። አትደንግጡ፤ በጥይትም በጩቤም አይደለም፣ በዚች በጠመኔ ስትነጣ በኖረች ጣቴ ነው። የገደልኩትም ሩቅ ሰው አይደለም፣ በአንድ የቆርቆሮ አጥር የምንዋሰነውን፣ ቀሚሴን ሲሰፋልኝ የኖረውን ጎረቤቴን ይማምን ነው። ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ሁለት ቀን ግን ወላሂ ከሳቅ ጋር አልተያየንም።

ሰዓዳ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጄ ፎዚያ ጂዳ ናት። ለውጡ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ በወሬ በሚፈላበት ዓመት ፎዚያ ትልቅ ስልክ ላከችልኝ። መጀመሪያ "በዚህ ዕድሜዬ ይሄን ምን ላድርገው!" ብዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ስለምደው ግን ሣጥን መግባቱ ቀርቶ ትራሴ ሥር ማደር ጀመረ። የልጄን ፊት አየሁበት። ሁለተኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ልጆች፣ ዛሬ ከነሽበታቸው፣ "ቲቸር፣ አሉ እንዴ?" እያሉ አገኙኝ። ጡረታ ቀብሮኝ ነበር፣ ስልኩ መልሶ አወጣኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰው ሲሸሽ ሸሸሁ፣ ሰው ሲመለስ ተመለስኩ። ስመለስ በሬ ተገንጥሎ፣ ቤቴ ተጠርጎ ጠበቀኝ፤ አንድ ትራስ እንኳ አልተዉልኝም። በሩን በብረት አሠራሁና ከውስጥ ቀረቀርኩት። ለቅሶ መሄድ ተውኩ፣ የታመመ መጠየቅ ተውኩ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሴቶቹ ጋር ዱዓ መቀመጥ ተውኩ። "ስልክ አለ አይደል?" አልኩ። የወለደች ካለች አበባ እልካለሁ፤ የታመመ ካለም አበባ እልካለሁ፤ ያውም ያችኑ አንዷን ቀይ አበባ። ቀኑን ሙሉ የጦርነት ወሬ ሳገላብጥ እውላለሁ። አንዱ "ተያዘ" ይላል፣ ሌላው "ተለቀቀ" ይላል፣ እኔ መሐል ቁጭ ብዬ እርዳለሁ። በዚህ ዓይነት ስምንት ወር አለፈ።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ደግሞ ነበረኝ። መርሳት ጀምሬ ነበር። የሳጥኔን ቁልፍ ጨው ዕቃ ውስጥ አግኝቻለሁ። የማውቀው ሰው ስሙ ጠፍቶኝ "አንቱ" እያልኩ አልፌዋለሁ። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ጃጅታ እኔኑ እያየች "አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ሰዓዳን አይተሻታል?" ትለኝ ነበር፤ ያ ጥያቄዋ ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ የድሮ ክፍሌን የስም መጥሪያ በቃሌ እወጣዋለሁ። አንድ ስም የጎደለብኝ ቀን ምግብ አይበላልኝም። ስልኬ ግን ገመናዬን ሸፈነልኝ። ሁሉን እጽፍበታለሁ፣ እሱ ያስታውስልኛል፣ ሰው አያውቅብኝም።

ቅሬ የምንለው እኛ ወሎዎች እስላም ክርስቲያን ሳንባባል የምንቀባበርበት ማኅበር ነው። ድሮ ሰው ሲሞት በየሰፈሩ ዞሮ የሚለፍፍ ሰው ነበረን። ከጦርነቱ ወዲህ ግን ልጆቻችን የሚሠሩበት አረብ አገር ድረስ ወሬው እንዲደርስ ተብሎ የቅሬው ግሩፕ በስልክ ተከፈተ። "የሞት ማስታወቂያ ማን ይጻፍ?" ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አማርኛዬ የታወቀ ነዋ! ሳልፈልግ የተቀበልኩ መሰልኩ እንጂ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከቤቴ ሳልወጣ ሐይቅን ሁሉ የምቀብር እኔ ሆንኩ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ የቅሬው ዳኛ አቶ መኮንን ደወሉ።

"ሰዓዳ፣ ልብስ ሰፊው ሰይድ ሞተ እኮ።"

"ኢና ሊላሂ! መቼ?"

"አሁን ነው። ቀብሩ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ቶሎ ጻፊው፣ ኔትወርኩ ሊሄድ ነው መሰለኝ ይቆራረጣል።"

ሰይድና ይማም በአንድ በረንዳ ላይ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን ደቅነው ሲሰፉ ያረጁ ሰዎች ናቸው። ልብ በሉልኝ፣ የሞተው ሰይድ መሆኑን በደንብ ሰምቻለሁ። "ሰይድ፣ ሰይድ፣ አላህ ይዘንለት" እያልኩ ነው የጻፍኩት። ግን አንድ ዓይኔ ስለ ውጊያ የሚያወራ ቪዲዮ ላይ ነው። ሁለቱ በረንዳቸው ላይ አብረው የተነሡት ፎቶ ነበረኝ፤ አንዱን ቆርጬ አወጣሁ፣ ከሥሩ ጻፍኩ፣ ላክሁ። ወደ ቪዲዮዬ ተመለስኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ኔትወርኩ ድርግም አለ።

ሐሙስ ጠዋት ኔትወርክ የለም። ሌላ የማየው ስላልነበረኝ የትናንቱን ጽሑፌን ከፈትኩት። አስተማሪ አይደለሁ? አራት ነጥብ ረስቼ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። "ወንድማችን ይማም ልብስ ሰፊው ወደ አኼራ ሄደዋል" ይላል። ከላዩ ይማም ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይስቃል። ዓይኔን አሸሁ። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አጠለቅሁ። ይማም ነው።

በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ ይማም ሲያስል ሰማሁት።

ላጠፋው ሞከርኩ፤ ስልኩ ክቧን ነገር እያዞረ ቀረ። የሐይቅ ሰው ቀብሩን በአፍ ሰምቶ ወጥቶ ነው መሰለኝ ማንም አላረመኝም፤ ከጽሑፌ ሥር፣ ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት የደረሰ አንድ መልስ ብቻ አለ። አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ካለ መንደር፣ የይማም የእህቱ ልጅ አሕመድ ነው የጻፈው። ይማም ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሚይዝ ወሬ ለቤተሰቡ እንዲደርስ ብዬ አሕመድን ግሩፑ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። እትዬ፣ እናቱ አልሰማችም። ልቧ ደካማ ስለሆነ ሽማግሌ ሰብስበን ዓርብ ከሱብሂ በኋላ እንነግራታለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነግርብን" ይላል፤ ከሥሩም የመንደሩን ስም ጽፏል።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲያው አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ በሩ ላይ ይቆማል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መንደሩ ሁሉ እያወቀ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም፤ ሳቅ ይሳቅለታል፣ ይደበቅለታል። የይማም እናት እማ ሐዋ ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን በሯ ላይ ስታይ ልቧ ቀጥ ቢልስ? ያኔ ይማምን በጽሑፍ፣ እናቱን ግን በእውነት ገደልኩ ማለት ነው።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። ልነግረው ነበር፣ አላህ ያውቃል።

"አያ ይማም!"

"እታለም ሰዓዳ፣ እንዴት አደርሽ? ሰይዴን እኮ አፈር አለበስነው። በዓይኔ ስፈልግሽ አጣሁሽ።"

"አሞኝ ነበር" አልኩ።

"አላህ ያሽርሽ። ዛሬ ስነሣ 'ሰይዴ ቀድሞኝ በረንዳውን ጠርጎት ይሆናል' ብዬ አሰብኩ" አለና ድምፁ ተቆረጠ። ሲያለቅስ በቆርቆሮው በኩል ይሰማኛል።

"አላህ ያጽናህ" ብቻ ብዬው ዋናውን ዋጥኩት። ይማም አይቆጣም፣ ደግ ሰው ነው፤ "አብሽሪ" ብሎ ይስቅ ነበር። ነገር ግን ለአቶ መኮንን ይነግራል፣ አቶ መኮንን ለቅሬው ይነግራሉ፣ ማታ ሐይቅ በሙሉ "ሰዓዳ እንደ እናቷ ሆነች" ይላል። ያንን መስማት አልቻልኩም። ራሴ ሄጄ፣ ራሴ አስቁሜ፣ ማንም ሳይሰማ እመለሳለሁ አልኩ። እዩት እንግዲህ የእኔን ብልጠት!

በሬን ቆልፌ መናኸሪያ ስደርስ ሰሞኑን ጦርነቱ አገረሸ ተብሎ መኪና የለም። እስከ ቀትር ቆሜ አንድ ሚኒባስ ተገኘ። ረዳቱን "ውጫሌ፣ ውጫሌ" እያልኩ ለመንኩት፣ ዕንባዬም አልታዘዝ ብሎኝ ይወርድ ነበር። ገባሁ። በሆዴ ሰዓት እቆጥራለሁ።

ኬላ ላይ አስወረዱን። ከሰሜን የሚመጣ መኪና እስኪፈተሽ ተብሎ ብዙ ቆምን፤ ፀሐዩም አዘቀዘቀ። ተራዬ ሲደርስ ጠባቂው መታወቂያዬን እያገላበጠ "እማማ፣ ወዴት ነው?" አለኝ።

"ወደ አምባሰል።"

"አምባሰል ሰፊ ነው። የትኛው ቀበሌ? የትኛው መንደር?"

ጠፋኝ። ወላሂ ጠፋኝ! ጠዋት ያነበብኩት፣ ይማም ሺህ ጊዜ ያወራልኝ የመንደር ስም ከጭንቅላቴ ውስጥ ተነሥቶ ሄደ። ከኋላዬ ያሉት ያጉረመርማሉ።

"የምትሄጂበትን አታውቂውም?" አለ፤ ዓይኑ ተለወጠ። በዚያ ሰሞን መሄጃውን የማያውቅ ሰው ክፉ ሰው ነው።

"ስልኬ ላይ ተጽፏል" አልኩ። "አምጪው" ብሎ ተቀበለኝ። እየገፋ አነበበ፤ ይማምንም አየው። ፊቱ ወዲያው ለሰለሰ። "ለለቅሶ ነው እንዴ፣ እማማ? አላህ ያጽናሽ። እለፊ" ብሎ ክንዴን ይዞ መኪናው ላይ አወጣኝ። ያ የውሸት ጽሑፌ አሳለፈኝ፤ አመስግኜው ተቀመጥኩና የመንደሩን ስም ከስልኬ አንብቤ እስከ ውጫሌ ድረስ በከንፈሬ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

ውጫሌ ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች። ሰዓት እላፊ ስላለ ወደ መንደሩ መውጣት የሚታሰብ አልሆነም። አንዲት ባለ ሱቅ በሯን ስትዘጋ አየችኝና "ቲቸር ሰዓዳ! እርስዎ ነዎት?" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማን እንደሆነች አላወቅሁም። "እንዴት አላውቅሽ፣ የኔ ልጅ" አልኩ፤ ዋሸሁ። ቤቷ አሳደረችኝ፣ እግሬን አጠበችኝ፤ ስሟን ሳልጠይቃት፣ እሷም ሳትነግረኝ አደርን። እንቅልፍ የሚባል አልጎበኘኝም።

ሱብሂ እንደሰገድኩ ተነሣሁ። የሴትየዋ ባል መንገዱን እስከ ወንዙ ሸኝቶ "ይህን ዳገት ይያዙት" ብሎኝ ተመለሰ። ዳገቱ ዳገት አይምሰላችሁ። ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ሰማዩ ደግሞ ሳያዝንልኝ ይነጋል። "ያ ረቢ፣ አዘግይልኝ" እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሲታዩኝ ሮጥኩ፤ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ሮጥኩ።

የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ጩኸቱን ሰማሁ። አንዲት አሮጊት "ይማሜን! ይማሜን!" እያለች ነው። ዘግይቻለሁ።

ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፣ እማ ሐዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። እየገፋሁ ገባሁ።

"አልሞተም! ይማም አልሞተም! ተዉ፣ አታልቅሱ!"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አሕመድ አወቀኝና መጥቶ ያዘኝ። "እትዬ ሰዓዳ፣ ምን እያሉ ነው? ራስዎ አይደሉም እንዴ የጻፉልን? ከነፎቶው አይቻለሁ።"

"እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። የሞተው ሰይድ ነው፣ ጓደኛው።"

"የጎረቤትን ሰው እንዴት ይሳሳቱታል?" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣም ተስፋም አለ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተዋት፣ ሐዘን አእምሮዋን ነክቷት ነው። አረፍ ትበል፣ ውኃ ስጧት" አሉ። ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው ወደ ጥላው ሊወስዱኝ ጀመሩ።

ያኔ ነው የጮህኩት። "ሐዘን አይደለም! አእምሮዬ ነው! መርሳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እናቴም እንዲህ ሆና ነው የሞተችው። ለሰው እንዳይታወቅብኝ ለይማምም ሳልነግር መጣሁ። አፉ በሉኝ፣ ይማም በሕይወት አለ!" ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅሁትን በማላውቀው ሰው ፊት፣ በማላውቀው ግቢ፣ እሪ ብዬ ተናገርኩት።

ለቅሶው ቆመ። እማ ሐዋ እጇን አነሣች። "ልቀቋት። ነይ፣ እዚህ ፊቴ ተቀመጪ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ዓይኗ ቀልቶ ውስጤን ያየኛል።

"ልጄን መቼ አየሽው?"

"ትናንት ጠዋት በአጥር አወራን። ድምፁን ሰማሁት።"

"ድምፁን አላልኩሽም። ፊቱን መቼ አየሽው?"

ማስታወስ አቃተኝ። ስምንት ወር በሬን ዘግቼ ተቀምጬ የይማምን ፊት መቼ ነው ያየሁት?

"ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ማን ያበስልለታል?"

አላውቅም።

"ያ ጉልበቱ ይሻለዋል? ከዘራ ይይዛል? ከሳ ወይስ እንደነበረ ነው? እኔ ካየሁት ሦስት ዓመቴ ነው። አንቺ ግን አጥርሽ ሥር ነው። ንገሪኝ እንጂ!"

አንዱንም አላውቅም። ጂዳ ያለችው የፎዚያ ጎረቤት ምን እንደበላች አውቃለሁ። መቀሌ ምን ተባለ፣ አዲስ አበባ ማን ተሾመ፣ አውቃለሁ። ከአንድ ቆርቆሮ ማዶ ያለ ሰው ይክሳ ይወፍር አላውቅም። የይማም ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ አበባዬ እንኳ አይደርሰውም ነበር፤ እና ለእኔ ሳላውቀው ሞቶ ነበር።

የባሰው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ሽማግሌው ቀስ ብለው "እታለም፣ ትናንት የሰማሽው ድምፅ የእሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። "አዎ" ልል ስል ልቤ ከዳኝ። እውነት ሰምቼዋለሁ? ወይስ እናቴ የሞተው አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠራኛል ትል እንደነበረው ነው? የተሳሳትኩት ስጽፍ ነው ወይስ አሁን ነው? ምናልባት የሞተው ይማም ነው፣ የጻፍኩትም ትክክል ነው፣ እኔ ነኝ ያበድኩት። "አላውቅም" አልኩ። "ወላሂ አላውቅም።"

አሕመድ አንድ ሰው ወደ ሐይቅ ይላክ አለ፤ ሄዶ እስኪመለስ ማታ ይሆናል ተባለ። ማልቀስ ይቀጥል አይቀጥል ማንም አያውቅም። የለቅሶ ዳስ ለመጣል የመጡት ጎልማሶች አንዱን እንጨት ተክለው ሌላውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። እማ ሐዋ እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም። "ካለ አለ፣ ከሌለም አብረን እናለቅሳለን" አለችኝ። ልጇን ለገደልኩባት ለእኔ ነው እንዲህ ያለችው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ከታች ከዳገቱ ሌላ ለቅሶ ተሰማ። አንድ ወንድ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ እያነከሰ፣ "እማዬን! ሳላይሽ! እማዬን!" እያለ ይመጣል። ሰው ሁሉ ተነሣ። በበሩ ገባ፤ ይማም ነው። ከስቷል፣ ጉልበቱንም ያነክሳል፤ አየሁት።

እናትና ልጅ ተያዩ። እሱ ለእሷ ሊያለቅስ የመጣ፣ እሷ ለእሱ ስታለቅስ ያረፈደች። "እማዬ፣ አለሽ?" አለ።

"አንተስ አለህ?" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ አማርኛ አልበቃኝም። ሽማግሌው ሁሉ አለቀሰ፣ ያች ደረቷን ስትመታ የነበረች ሴት እልል አለች። እኔ መሬቱ ላይ ተዘርግቼ አላህን አመሰገንኩ፤ ያበድኩ አልነበርኩማ።

ነገሩ ቆይቶ ተጣራ። ይማም "አሞኝ ነበር" ስላልኩት ሐሙስ ቀትር ሊጠይቀኝ መጥቶ በሬ ተቆልፎ አገኘ። የታመመች ሴት በጦርነት ቀን ወዴት ሄደች ብሎ መናኸሪያ ወረደ። ሰዎቹ "እያለቀሰች ወደ ውጫሌ ሄደች" አሉት። የሞት ወሬ የሚደርሰኝ በስልክ መሆኑን ያውቃል። የእሱ እናት ያለችበት አገር፣ ለእሱ ሳልነግር፣ እያለቀስኩ ከሄድኩ ሌላ ምን ያስባል? "እማዬ ሞታ መርዶ ሊደብቁኝ ነው" ብሎ ቆረጠ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ባገኘው የጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ መጣ። እኔ ስምንት ወር ያልጠየቅሁት ሰው ለአንድ ቀን ሕመሜ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው ይህ ሁሉ የተገኘው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሐይቅ ስንመለስ ቅሬው ተሰበሰበ። አቶ መኮንን ሳቃቸውን እየዋጡ ፈረዱብኝ። "ሰዓዳ ከእንግዲህ የሞተ ሰው ስትጽፍ መጀመሪያ በእግሯ ቤቱ ትሄዳለች፣ ገብታ ታያለች፣ ከቤተሰቡ ጋር ትቀመጣለች፣ ከዚያ ትጽፋለች። በሕይወት ያለውንም እየዞረች ትጠይቃለች፣ ማን እንዳለ እንድታውቅ!" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ተቆጣሁ፣ ጉልበቴ አያስኬድም አልኩ፤ የሚሰማኝ ጠፋ። እንዲያ ብዬ መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ቅጣት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ስነሣ ነጠላዬን ቀድሜ መፈለግ ጀመርኩ።

ደሴ ሄጄም ሐኪም አየኝ። ሰዓት አሣለኝ፣ ቃላት አስደገመኝ፣ ወደ ኋላ አስቆጠረኝ። "አሁን ይሄ ነው ብዬ አልቆርጥልዎትም" አለኝ። "ፍርሃትም፣ ብቸኝነትም፣ እንቅልፍ ማጣትም ያስረሳሉ። ሌላም ሊሆን ይችላል። ስልኩን አይተዉት፣ ግን ከሰው ጋር ይጠቀሙበት። ከስድስት ወር በኋላ ይምጡ።" እና እየጠበቅሁ ነው። ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ሳምንት እንኳ የገዛ አማቼ ስም ለአፍታ ጠፍቶኛል፤ ያ የድሮው ብርድ በጀርባዬ አልፏል። አሁን ግን ሲጠፋኝ "ጠፋኝ፣ ንገሩኝ" እላለሁ፤ አጠገቤ የሚነግረኝ ሰውም አለ።

ይህን ምናልባት እናንተም በስልካችሁ ላይ ታነቡት ይሆናል። ስልክ ጣሉ አልላችሁም፤ እኔም አልጣልኩትም። ሐሙስ ሐሙስ ከዱዓው በኋላ ሴቶቹ ይከቡኝና ፎዚያን እንደውልላታለን፤ ዘጠኝ ሆነን በአንድ ስልክ እንጮህባታለን። እናት ወይም አባት ያላችሁ ግን አደራ፣ "ስልክ ገዝቼላቸዋለሁ፣ ይጫወቱበታል" ብላችሁ እንዳትረኩ። ሂዱና አብራችኋቸው ተቀመጡ። ሰው ምን ያህል እንደከሳ በጽሑፍ አይታይም።

እማ ሐዋን ስንሰናበት የነገረችኝን ሳልነግራችሁ ግን አልሄድም። ይማም በረት ጥግ ቆሞ ከአሕመድ ጋር ሲያወራ ጉልበቷን ስሜ "አፉ ይበሉኝ፣ እማ ሐዋ" አልኳት።

"አፉ ብዬሻለሁ" አለችና ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከች። "ሦስት ዓመት ሙሉ ና ብዬ ብልክበት መንገድ የለም፣ ሥራ አለ እያለ ነው የቀረብኝ። በይ ልጄ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ጊዜ ግደይልኝ።"